ድንጋይ ተሸክሜ ኢንሹራንስ የገዛሁ ዕለት

እኛ አገር «እንዴት አደርክ» ላለህ ሰው ሕመም አይነገርም። እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ የሚሄድ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሰላም ባይ ካጋጠመው ከቃሬዛው ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ይላል። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው እየተላጠ ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቁታል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በሞተበት ቀን ሊጠይቀው የገባውን ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» እያለ ሲሸኝ ውሎ ወደ ማታ ዐረፈ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ ብሎን ነበር እኮ» እያለ በሟቹ ቅር ተሰኝቶ ተመለሰ።

እኔም የዚሁ አባት ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቆጠርኳት ፊደል ነውና መስመሬ ቢጣመም እለፉኝ፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ እውነት ነው። ያቺ «ደህና ነኝ» የምትባል ቃል አንዲት ልጄን በሰው አገር ያለ እናት ልታስወልድብኝ ነበር።

ልጃችን ማስተዋል ጀርመን አገር ትኖራለች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ባሏ የደጀን ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ግን ከቤት ከወጣ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ደወለችልን። እናቷ እልል ብላ ስትጨርስ ማስተዋል እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ እዚህ ሁሉ ነገር አለ። ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም፣ ሞቅ ያለውም ቤት አለ። የምወልድ ቀን ግን አጠገቤ የሚቆም ሰው የለኝም። ነይልኝ።»

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ነገር የምታበዛ አይደለችም። ይህን ያህል ከተናገረች ሆዷ ምን ያህል እንደፈራ እኔም እናቷም ገባን።

ጥሩወርቅ ግን፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ ያለ እኔ ንቅንቅ አልልም አለች። ከፍቅር ብዛት እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ የመርፌ ነው። ስኳር አለብኝ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋኝ እሷ ናት። እኔ በወጣትነቴ ከጅብ ጋር በአንድ ጠባብ መንገድ ተላልፌ አውቃለሁ። መርፌ ሳይ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ምሰሶ እይዛለሁ። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ጓዳ ውስጥ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እንግዳ ማሰሮውን አይቶ ከጠየቀ «ለዘር ያስቀመጥነው ነው» እንላለን። በዚህ ዓይነት በአገሬ በአምበርና በአካባቢው አንድ ሰው ሳያውቅብኝ ብዙ ዘመን ኖርኩ። ማለቴ፣ አንድ ሰው ሳያውቅብኝ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር።

«እኔ ብሄድ ማን ይወጋዎታል?» አለችኝ። እሷ አንቱ ነው የምትለኝ፤ ልጄ ደግሞ አንተ ትለኛለች። ሲቆጡኝ ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

«ጤና ጣቢያ እየሄድኩ እወጋለሁ» አልኳት።

«ጠዋት ሄደው፣ ማታ ሄደው? እንግዲያውስ አልጋዎን እዚያው ይዘርጉ።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። እኔ ካልሄድኩ እናትየው አትሄድም፤ እናትየው ካልሄደች ልጅቷ ብቻዋን ትወልዳለች። የሦስት ሰው ጉዳይ በእኔ ስኳር ላይ ተንጠለጠለ።

ለቪዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ተባለ። ማስተዋል እዚያ ብትጠይቅ ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ፣ ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው የጠሩላት ዋጋ አንድ ጥማድ በሬ የሚገዛ ነው። «አባዬ፣ የአገር ቤቱ ይረክሳል ይላሉ፤ ማርቆስ ወርደህ ጠይቅ። ግን ርካሽ ነው ብለህ ብቻ እንዳትገዛ፤ ስኳርህን የሚሸፍን መሆኑን ጠይቅ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት እስከ «ይረክሳል» ድረስ ያለውን ነው። የቀረውን ጆሮዬ አላስገባውም።

የሁለታችንንም ፓስፖርት በጋቢዬ ቋጥሬ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ኢንሹራንስ ቤቱ ወለሉ ያንሸራትታል፤ መስታወቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ግንባሬን መትቶኝ ነው የለየሁት። ውስጥ አንዲት ደልደል ያለች ፈገግተኛ ልጅ ተቀምጣለች፤ ስሟ ሰናይት ነው። ከፊቷ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የይጁቤውን ጫኔን።

ጫኔን ካላስተዋወቅኋችሁ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። ጫኔ በቅሎ የሸጠልኝ ሰው ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ጎልማሶች ነበርን። በይጁቤ ገበያ አጠገብ፣ ዝናብ ያረሰረሰው ሜዳ ላይ ወጣ ገባ አድርጎ አስጋለባት፤ እንደ ወፍ ናት። ገዝቼ ወደ አገሬ ይዣት ስሄድ ኮረኮንቹ ላይ ስትደርስ ማነከስ ጀመረች። ለካ ለስላሳ መሬት ላይ አንካሳነቷ አይታይም ኖሯል። ከብት የሚሸጥ ሰው ነውሩን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ይህ የገበያ ሕግ ነው። ከሰስኩት። እሱ ግን «አንካሳ መሆኗን አላውቅም ነበር» ብሎ ማለ። ተረታሁ። ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንኳ አንዳችን በግራ አንዳችን በቀኝ ነው የምንቀመጠው።

ያ ሰው ነው እንግዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ያለው። ለኢየሩሳሌም ጉዞ ኢንሹራንስ ሊገዛ መጥቶ ኖሯል። ተራው የእኔ ሆነ።

«አባቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለችኝ ሰናይት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እኔም ደህና ነኝ።»

«እናት አባትሽስ?»

«ደህና ናቸው። የቆየ ሕመም አለብዎ እንዴ? ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ?»

ጫኔ አንገቱን ከጋቢው አወጣ። ጆሮው ሲቆም ታየኝ። እስቲ እናንተው ፍረዱ። ያቺን አንካሳ በቅሎ ከሸጠልኝ ሰው ፊት «ስኳር አለብኝ፣ ጠዋት ማታ ሚስቴ ትወጋኛለች» ልል ነው? ከዚያ ይልቅ ይጁቤ ገበያ መሀል ራቁቴን ብቆም ይሻለኛል።

«ምን ሕመም አለ» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «ባለፈው ሰሞን እንኳ ገብስ ሳጭድ ነው የዋልኩት።»

ሰናይት ጻፈች። የጠራችልኝ ዋጋ እርጥባን የሚመስል ነበር። «ማክሰኞ ይምጡና ይጨርሳሉ» አለችኝ። ስወጣ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ በሩ ላይ ቆየሁ። ጫማዬ ክር የለውም። ጫኔ ተጠየቀ።

«እኔ? እኔ ሐኪም ቤት በየት በኩል እንደሚገባ አላውቅም» አላት። ለእሱም ማክሰኞ ተባለ።

ማምሻውን ማስተዋል ደወለች። ዋጋውን ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ስኳሩን ነግረሃታል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«አባዬ።»

«ልጄ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው።»

«አልተቆራረጠም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አባቷን አስመጥታ ነበር። እሱም ሕመሙን ደብቆ ነበር የመጣው። እዚህ ሲወድቅ ኢንሹራንሱ ‹አልነገራችሁንም› ብሎ አልከፍልም አለ። እሷ እስከ ዛሬ የሆስፒታሉን ትከፍላለች። ሕመምህን ካልተናገርክ የገዛኸው ወረቀት ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ባትመጡ ይሻላል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «እኔ እንደምንም እወልዳለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ጥሩወርቅ እሳቱን እየቆሰቆሰች ነበር። ቀና አላለችም።

«ጫኔን ‹ነውሯን ደብቀህ ሸጥህልኝ› ብለው ፍርድ ቤት አቆሙት» አለች። «አሁን አንቱ ምን አደረጉ? ራስዎን ለስላሳ ሜዳ ላይ አስጋልበው ሸጡ።»

ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ መደቤ ሄድኩ።

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን በነጋታው ሄዶ «ልጄ፣ ረስቼ ነው፤ ስኳር አለብኝ» ብሎ ይመለስ ነበር። እኔ ግን ብቻዬን ሄጄ በገዛ አፌ መናገሩን እንደ ሞት ፈራሁት። ደግሞም ነገሩ ተራ ነገር አይደለም፤ የሰው ልጅ በቅን ጠይቃኝ በሐሰት መልሼላታለሁ። በደል ነው። በደል ደግሞ እኛ ዘንድ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይጠናል፣ ተበዳይ ይምራል። ኢንሹራንስ ቤት ከዚህ ወግ ውጭ ነው ያለኝ ሰው የለም።

ሁለት ሽማግሌ መረጥኩ። አንዱ የደብራችን መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ የሚጨርሱት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሁለተኛው ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ ነው። መካ ደርሶ ስለመጣ በመንደራችን በአውሮፕላን የተሳፈረ እሱ ብቻ ነው፤ የጉዞ ነገር ካለ እሱ ሳይኖርበት አይሆንም።

«አንዲት የማርቆስ ልጅ አታልያለሁ፤ አስታርቁኝ» አልኳቸው።

ሐጂ ሰይድ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «በዚህ ጉልበትህ?» አለ።

ነገሩን አስረዳሁ፤ «አንድ የቆየ ሕመም ደብቄያት ነው» አልኩ። የቱን ሕመም ብለው አልጠየቁኝም። እርስ በርስ ተያዩ። ጨዋነታቸው ነው ብዬ አደነቅኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ድንጋዩን ከአምበር የወሰድኩት ከተማውን ስለማላምነው ነው፤ ማርቆስ ድንጋዩን ሁሉ ኮብልስቶን አድርጎ አንጥፎታል፤ የሚሸከሙት የሚያጡበት ከተማ ነው። ረዳቱ ድንጋዩን አየና «ይሄኛውስ የት ነው የሚወርደው?» አለኝ። «አብሮኝ» አልኩት።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመን። ጉልህ ዓይን ያለው ወጠምሻ ነው።

«ብረት ነገር አለ?» አለ።

«የለም። ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ለምን?»

«ለይቅርታ።»

ጥበቃው ጎጃሜ ነው፤ ወጉን ያውቃል። መመሪያው ግን ስለ ድንጋይ የሚለው ነገር የለም መሰለኝ ጥቂት ተቸገረ። ኋላ «ይግቡ፤ ግን ከመስታወቱ ራቅ አርገው ይሸከሙ» ብሎ አሳለፈኝ።

ገባን። ጫኔ እዚያው አግዳሚው ላይ ነው፤ ለእሱም ማክሰኞ ተብሎ የለ። መሪጌታና ሐጂ ሰይድ ሰናይት ፊት ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ።

«ኧረ ተቀመጡ አባቶቼ» አለች ሰናይት።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

«እሺ ምን ልበል?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሆይ፣ የመጣነው ለደግ ነው። ሰው ያለ ሰው አይኖርም፣ ቤትም ያለ ምሰሶ አይቆምም፣ የጨዋ ልጅም ደጅ የጠናባትን ሽማግሌ...»

ሰናይት ፊቷ ደም ለበሰ። እጇን አነሣችና ቀለበቷን አሳየች። «አባቴ፣ እኔ ባለ ትዳር ነኝ፤ ልጅም አለኝ።»

«ለጋብቻ አይደለም» አለ ሐጂ ሰይድ ቶሎ ብሎ። «ለስኳር ነው።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ድንጋዩ ሥር ሆኜ የማየው ጫማ ብቻ ነው። ጫማዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ውርደት የለም ብዬ ተናገርኩ።

«ልጄ፣ ባለፈው ዋሽቼሻለሁ። ስኳር አለብኝ። ግፊትም አለብኝ። ገብስም አላጨድኩም። ስለ እመቤቴ ብለሽ ማሪኝ።»

«ምሬያለሁ፣ ምሬያለሁ። ያውርዱት አባቴ፣ ወገብዎን።»

«ወገቤንም ያመኛል። ጻፊው» አልኩ፣ ድንጋዩን ከማጅራቴ እያወረድኩ።

አንዴ ከተከፈተ እንግዲህ ማን ይዝጋው? የቀኝ ጉልበቴን ነገርኳት። ብርድ ሲሆን የሚዘጋውን ጆሮዬን ነገርኳት። በልጅነቴ በሬ የወጋኝን፣ ንብ የነደፈኝን፣ የዛሬን አያድርገውና ወባ ያንቀጠቀጠኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። «በሬውን ይተዉት አባቴ» እያለች ትለምነኛለች። በመጨረሻ ወደ ስኳሩ ተመለስኩ፤ ወደ ሽማግሌዎቼ ዞር አልኩና «ይህን እነሱም አያውቁም፤ ማንም ሳያውቅ ነው ተሸሽጌ የኖርኩት» አልኳት።

ሐጂ ሰይድ ሳል ያዘው፤ ቀድሞ «ለስኳር ነው» ያለውን ያን ጊዜ አስታወስኩ።

«እኔ ባለሱቅ ነኝ» አለ። «በወር በወሩ ስኳር ይገዛኝ የነበረ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሲያቆም ጨው ወደደ ብዬ ላስብ?»

«በማኅበር ላይ ጠጅ ሲቀዳለት ለጎኑ ሰው የሚገለብጥ እሱ ነው» አሉ መሪጌታ። «ጎኑ ለመቀመጥ ሰው ይጋፋል። እንዲያው እንዳናሳፍረው ብለን ነው እንጂ ማሰሮዋንስ አገር ያውቃታል።»

አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ምሥጢር ይዤ ነው ለካ ያን ሁሉ ዘመን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለዘር ነው» ስል የኖርኩት። ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም ለእኔ ሲሉ የማያውቁ ይሆናሉ። ያን ጊዜ አፍሬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ሰው ሌላ ምን ኢንሹራንስ ይፈልጋል እላለሁ። ጀርመኖቹ ግን ጎረቤት አይቀበሉም፤ ወረቀት ይላሉ።

ሰናይት የጻፈችውን አነበበችና ሳቋ ጠፋ።

«አባቴ፣ ልንገርዎ። ለሦስት ወር፣ በዚህ ዕድሜ፣ ስኳሩንም ጨምሮ የሚሸፍን የለንም። ስኳሩን ትቶ የሚሸፍን አለ፤ እሱ ለቪዛው ይበቃዎታል።»

«ለቪዛው ይበቃል። ለልጄ አይበቃም» አልኩ። ከዚያ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ስለ ማስተዋል ነገርኳት። ባሏ መንገድ ላይ መሆኑን፣ የምትወልድ ቀን የሚቆምላት እንደሌለ፣ «እኔ እንደምንም እወልዳለሁ» ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሆነ።

ሰናይት እኔን አየችኝ፤ ድንጋዩን አየችው። ስልኳን አንሥታ አዲስ አበባ ደወለች። አልተነሣም። ደገመች። አንዱ ወደ ሌላው አስተላለፋት፣ ሌላው ቆይ አላት። የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሣችም። ወረፋው ቢያጉረመርምም መልሳ ደወለች። እኔ ለዚያች ልጅ ምኗ ነኝ? የዋሸኋት ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሌላ ምኗም አይደለሁም።

እሷ ስልክ ላይ ሳለች ጫኔ ከአግዳሚው ተነሣ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። በቅርብ ሳየው አርጅቷል፤ ለካ እሱም ያረጃል።

«ድንጋዩን ጨርሰህበት እንደሆን አውሰኝ» አለኝ።

የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። እሱ ግን ጎንበስ አለና ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ጫነው።

«ልጄ» አለ ለሰናይት፣ «እኔም ዋሽቻለሁ። ስኳር አለብኝ። ባለፈው ይሄ ሰውዬ ገብስ አጨድኩ ሲል ከእሱ ማነስ አልወደድኩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ድንጋዩ አንገቱን ስለያዘው መላ አካሉን ነው ያዞረው። «በቅሎዋም... አንካሳ መሆኗን አውቅ ነበር።»

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ብዙ ዓመት እርሻ ላይ እየተመላለስኩ ያጠናሁት፣ እርግማኑም ተረቱም ያለበት ንግግር ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«አውርደው በል፣ ወገብህን» አልኩት።

ድንጋዩን ሁለታችን ይዘን አወረድነው። መሪጌታ እዚያው ቆመው ቡራኬ ጀመሩ። ሐጂ ሰይድ «አሚን» እያለ በመሀል «መሪጌታ፣ ወረፋ አለ» ይላል። ሰናይት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ በእጇ «ተቀመጡ» አለችን፤ አሁን ሽማግሌዎቼ ተቀመጡ።

መላ ተገኘ። ሦስት ወሩ ይቅር፣ ልጅ ተወልዶ ክርስትና እስኪነሣ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ይሁን። ሕመሜ ሁሉ በስሙ ይጻፍ፤ የተጻፈው ድንገት ቢነሣብኝ ይሸፈናል። ከታከምኩ የመጀመሪያውን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ዋጋው የቀነሰው በዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ስኳሬ የተያዘ መሆኑን ሐኪም መመስከር አለበት። ለጫኔም እንደዚሁ ተባለ።

ሐኪሙ ግን ሲለካን ሁለታችንንም በአንድ ዓይነት ፊት ነው ያየን። «ይህ የተያዘ ስኳር አይደለም፤ ያመለጠ ነው» አለ። በምግቡም በመርፌውም በደንብ ጠብቀን ከወር በኋላ እንድንመለስ ቀጠረን።

ያን ወር የማልረሳው በጫኔ ነው። ዶሮ ሲጮህ ይደውላል። «ስንት ሆነ?» ይላል። ነግሬው ስጨርስ «ትናንት ምን በልተህ ነው?» ብሎ እንደ መርማሪ ያፋጥጠኛል። ድግስ ቤት ከሄድኩ ሰው ይነግርብኛል፤ ገና ሞሰቡ ሳይከፈት ስልኬ ይጮሃል። እኔም አልለቀውም፤ ይጁቤ ገበያ ጠላ ቤት ደጅ የሚቀመጥ ዘመድ አለኝ። በበቅሎዋ ዘመን እንዲህ ተጠባብቀን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ባልደረስን። ጥሩወርቅ «ከእኔ ይልቅ የሚፈሩት ሰው ተገኘ» ብላ ተመስገን ትላለች። ወሩ ሲያልቅ ሐኪሙ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ ለሁለታችንም ጻፈልን።

ወረቀቱን ለሰናይት ስወስድላት የጎጃም ነጭ ማር ይዤላት ሄድኩ። «እኔ አልቀመስኩትም፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ» አልኳት። ድንጋዬን በሩ ሥር አገኘሁት። ጥበቃው ነፋስ እንዳይዘጋው በሩን ደግፎበታል። ልወስደው ብል «ይቅር አባቴ፤ ሽማግሌ ሰው መስታወቱን እየሳተ ይጋጫል፤ ክፍት ሲሆን ይሻላል» አለኝ። ግንባሬን ዳሰስኩና ተውኩለት።

እንግዲህ ሄድን። አውሮፕላኑ ላይ ጥሩወርቅ መርፌዋን ስታወጣ አጠገባችን የተቀመጠው ፈረንጅ ፊቱን አዞረ፤ እኔ ምሰሶ ስላጣሁ የእሱን ክንድ ያዝኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ብል ድንጋይ የለም።

ማስተዋል ምጥ የያዛት ባሏ ከአገር ውጭ በነበረበት ቀን ነው። እናቷ አብራት ገባች። እኔ ውጭ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ልጄ «እማዬ» ስትል፣ ጥሩወርቅም «አለሁ፣ አለሁ» ስትላት ይሰማኛል። ያቺ «አለሁ» የምትለው ድምፅ ብቻ ትበቃኛለች። ለዚያች ስል ድንጋዩን ከአምበር እስከ ማርቆስ በእግሬ እሸከመው ነበር። ወንድ ልጅ ተወለደ።

ኢንሹራንሱን አልተጠቀምኩበትም። አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልዞረኝም። ስንመለስ ትንሽ ከንክኖኝ «በከንቱ ነው እኮ የከፈልነው» አልኩ።

«እድርስ ሲከፍሉ አለመሞትዎ ይቆጭዎታል?» አለችኝ ጥሩወርቅ።

አገሬ በገባሁ ማግስት ዶሮ ሲጮህ ስልኬ ጮኸ። ጫኔ ነው፤ እሱም ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመልሷል።

«እንዴት አደርክ?» አለኝ።

«የቀኝ ጉልበቴ ያመኛል። ጆሮዬም በአውሮፕላኑ ተደፍኖ አልተከፈተም። ስኳሩ ትናንት ማታ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ጥሩወርቅ ከክርስትናው የተረፈ ኬክ ነው ትላለች፣ እኔ ግን የመንገድ ድካም ነው እላለሁ። አንተስ?»

«እኔም እግሬ አብጧል፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለ ጫኔ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ።